የአውራ ጣት ደም

የጋሼ ይትባረክን ሞት የነገረኝ ቅቤ ነጋዴ ነው። ከቁይ መጥቶ ቅሉን ከትከሻው እያወረደ ስለ መንገዱ ጭቃ ብዙ አማረረና፣ «ያ ሽንኩርት በብርጭቆ የሚያበቅለው ሽማግሌ አርፏል እኮ፤ ባለፈው ሰንበት ቀበሩት» አለኝ። እንደማውቃቸው አያውቅም። ቅቤውን አሸተትኩ፤ ደህና ነው አልኩት፤ ዕቃ ላመጣ ብዬ ወደ ጓዳ ገባሁና እዚያው ቀረሁ። ነጋዴው ከውጭ «እመቤት! ኧረ እመቤት!» እያለ ሲጣራ ነው መቀመጤን ያወቅሁት።

እንባዬ የመጣው በማግስቱ ነው። እርሳቸውን ሳስብ ቀድሞ የሚታየኝ ፊታቸው አይደለም። የግራ እጃቸው አውራ ጣት ነው። ከዚያ ጣት አንዲት ጠብታ ደም ስትወጣ ያየን እኔና አንዲት ሴት ብቻ ነን። እሷ ከሞተች ቆየች። አሁን እርሳቸውም ሄዱ። እኔ ብቻ ቀረሁ፤ ስለዚህ እናገራለሁ።

ያወቅኋቸው ጣሊያን ደብረ ማርቆስ በገባ በሁለተኛው ዓመት ነው። ባሌ ወደ ሰሜን ዘምቶ አልተመለሰም፤ ልጅ አልነበረንም። ጣሊያኖቹ አንድ ካፒቴን ከሚያዘው ሰፈራቸው ዳር ሕክምና ቤት ከፍተው ነበርና እዚያ ጠርሙስና ብርጭቆ አጣቢ ሆኜ ገባሁ። ጋሼ ይትባረክ በዚያው ቤት ደም መርማሪ ነበሩ። በወጣትነታቸው የቅኔ ተማሪ ነበሩ፤ ሲቀኙ የሚደነቁ። አንድ ጊዜ ዓይናቸውን ታመው ወደ አንድ የውጭ አገር ሐኪም ቢሄዱ፣ ሐኪሙ ካከማቸው በኋላ በአጉሊ መነጽር የዝንብ ክንፍ አሳያቸው። «አኮፋዳዬን ቅኔ ቤት እንደተሰቀለ ተውሁት» ይሉ ነበር። ሐኪሙን ተከትለው ብዙ ዓመት ሠሩ፤ ሥራውንም ቋንቋውንም ለመዱ። ጦርነቱ ሲመጣ ሐኪሙ ወደ አገሩ ሄደ፤ ጣሊያኖቹም መነጽሩንና ጋሼ ይትባረክን አንድ ላይ ወረሱ።

ከተማው አይወዳቸውም ነበር። «የጣሊያን ደም ቀጂ» ይላቸዋል። ሴቶች በመንገድ ሲያዩዋቸው የልጆቻቸውን ፊት በነጠላ ይሸፍናሉ። እርሳቸው ቀጥ ብለው፣ ማንንም ሳይገላምጡ፣ ጋቢያቸውን እስከ አገጫቸው ተከናንበው ያልፋሉ። ሰው ሲያናግራቸው የግራ ዓይናቸውን ይጨፍኑ ነበር። መነጽር ውስጥ ሲያዩ የለመደባቸው ነው፤ የማያውቃቸው ሰው ግን የሚንቁት ይመስለዋል። እኔም በመጀመሪያው ወር እንደዚያ መስሎኝ ነበር።

አንድ ቀን ጠዋት በስሜ ጠርተው፣ «ውዴ፣ እጅሽን አድርቂና ነይ» አሉኝ።

መስኮቱ ላይ፣ አፉ ጠበብ ባለ ብርጭቆ ጫፍ ሽንኩርት አስቀምጠዋል። ታቹ ውሃ ነክቶ ነጫጭ ሥር ሰዷል። ከአንዱ ሥር ጫፍ የጤፍ ቅንጣት የምታህል ነገር በምላጭ ቆረጡ፤ በሚያቃጥል ውሃ ነክረው አለዘቧት፤ ቀይ ቀለም ጠብ አደረጉባት፤ በሁለት ስስ መስታወቶች መካከል አድርገው በአውራ ጣታቸው ተጫኗት።

«እዪ» አሉኝ።

መጀመሪያ ያየሁት የራሴን ሽፋሽፍት ነው። ቀስ እያለ ግን ግድግዳ ታየኝ፤ ጡብ በጡብ ላይ የተደረደረበት፤ በየጡቡም ውስጥ ቀይ ነገር አለ። ዛሬ ልጆቻችን ትምህርት ቤት ሕዋስ ብለው የሚማሩትን እርሳቸው እልፍኝ ይሉት ነበር።

«የሽንኩርቱም፣ ያንቺም፣ የካፒቴኑም ሥጋ እንዲህ እልፍኝ በእልፍኝ ነው» አሉ። «ቀዩ ነገር ክር ነው። ከመሃል አንዱ እልፍኝ ውስጥ ክሮቹ ተሰልፈዋል፤ አየሽ?»

«አየሁ።»

«ከጎኑ ያለውንስ?»

«እዚህና እዚያ ሆነው ይጓተታሉ። የተጣሉ ይመስላሉ።»

ሳቁ። ሲስቁ ያየሁት ያኔ ነው። «አልተጣሉም። እልፍኙ ሁለት ሊሆን ነው። ከዚያ በፊት ግን እያንዳንዱ ክር ራሱን ይገለብጣል፤ ዳዊት እንደሚገለብጥ ጸሐፊ፣ አንዲት ፊደል ሳይጥል። አንዱ ቅጂ ወዲህ፣ አንዱ ወዲያ ይሄድና በመሃል ግድግዳ ይቆማል። ስለዚህ አንዱ ሁለት ቢሆንም ከሁለቱ ጎዶሎ የለም።»

«ሰውስ እንዲህ ነው የሚበዛው?»

«አካልሽ የሚያድገው እንዲህ ነው። ልጅ የሚወለድበት ዘር ሲዘጋጅ ግን ሥርዓቱ ይለያል። ያኔ የክሩ ግማሽ ብቻ ነው የሚሄደው። ከአባት ግማሽ፣ ከእናት ግማሽ። ሁለቱ ሲገጥሙ አንድ ሙሉ ሰው። የትኛው ግማሽ እንደሚደርስ ወላጅም አይመርጥ፣ ልጅም አይመርጥ።»

ባሌን አሰብኩ። ግማሹን የትም ሳያስቀምጥ ሄደ ብዬ ዓይኔ ሞላ። እርሳቸው መድኃኒቱ ያቃጠለኝ መስሏቸው ተነሥተው መስኮቱን ከፈቱ።

ከዚያ በኋላ ሥራ ሲቀዘቅዝ ያስተምሩኝ ጀመር። የደምን ነገር የነገሩኝም እንዲሁ ነው። ደም ሁሉ ቀይ ቢሆንም አንድ አይደለም። ሁለት ምልክቶች አሉ። አንዱ ሰው የመጀመሪያው ምልክት አለበት፤ ሌላው ሁለተኛው፤ አንዳንዱ ሁለቱም አሉበት፤ አንዳንዱ አንዱም የለበትም። ምልክት የሌለበትን ጣሊያኖቹ «ዜሮ» ይሉታል። ለመለየት ከአሥመራ የሚመጣ ሁለት ዓይነት ውሃ አለ። በመስታወት ላይ በግራና በቀኝ ጠብ ያደርጉትና ደም ይጨምሩበታል። ምልክቱ ካለ ደሙ እንደ ተበላሸ ወተት ይቋጠራል። ከሌለ ዝም ብሎ ይቀላል።

«ሁለቱም ምልክት ያለበት አባት» ይሉ ነበር፣ «ለልጁ ከሁለቱ አንዱን ሳይሰጥ አይቀርም። ሌላ የሚሰጠው የለውማ። ስለዚህ የእርሱ ልጅ ዜሮ ሊሆን አይችልም።»

ይህን ሲነግሩኝ እንደ እንቆቅልሽ ነበር የሰማሁት። የሰው ነፍስ የሚንጠለጠልበት ነገር አልመሰለኝም።

በዚያ ወራት ባላምባራስ ፈንታ የሚባሉ የአምበር ሰው ነበሩ። ጣሊያን እንደገባ ከእርሱ ወግነው ሲዋጉ ትከሻቸውን ቆስለው እኛው ዘንድ ተኝተዋል፤ ደማቸውም ያኔ ተመርምሮ መዝገብ ገብቷል። ክረምቱ ሲገባ ግን ሰዎቻቸውን ከነጠመንጃቸው ይዘው ሸፈቱና ወደ ዓባይ በረሃ ወረዱ። ካፒቴኑ አበደ። የሸፈተ ሰው ቤተሰብ ሲያዝ ምን እንደሚደረግ ሁላችንም እናውቃለን፤ ቀደም ብሎ የአንዱን አርበኛ ሚስት ገበያ መሃል ሰቅለዋታል። ልጇን የት እንዳደረሱት ማንም አላወቀም።

የባላምባራስን ሚስት የሻረግን ከአምበር ገበያ ያዟት። የጠቆመ ሰው ነበረ። የስድስት ወር ልጇን ይዛ ነበር፤ አንለይ ይባላል። ወደ ካፒቴኑ ስትቀርብ፣ ሚስቱ መሆኗን መካድ አልቻለችም፤ ስንቱ ያውቃታል። ልጁን ግን ካደች።

«የእርሱ አይደለም» አለች። «ከባለአጋሰስ ነው የወለድኩት። ሰውየውም ሞቷል። እኔን የፈለጋችሁትን አድርጉኝ፤ የእርሱን ልጅ ያዝን ብላችሁ ግን በከንቱ አትድከሙ።»

ካፒቴኑ አላመናትም። ዶቶሬው ግን፣ የሕክምና ቤቱ አለቃ፣ መጽሐፍ የሚወድ ቀጭን ሰው ነበርና ደስ አለው። «ለምን እንጨቃጨቃለን? የአባትየው ደም መዝገባችን ውስጥ አለ» አለ። ጋሼ ይትባረክ መዝገቡን አምጥተው አነበቡ። ሁለቱም ምልክት አለበት። ዶቶሬው ለካፒቴኑ በቋንቋቸው አስረዳው፤ ልጁ ዜሮ ከሆነ ሴትየዋ እውነቷን ነው።

ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ገደማ ነው። ክፍሏ ጠባብ ናት። ዶቶሬውና ካፒቴኑ በመስኮቱ በኩል ሲጋራ ይለኩሳሉ። የሻረግ በርጩማ ላይ ተቀምጣለች። እኔ የመስታወቱን ትሪ ይዤ ከጋሼ ይትባረክ ጎን ቆሜያለሁ። የሕፃኑን ተረከዝ ወጉ። ልጁ ጮኸ። ደሙን ከሁለቱ ጠብታዎች ጋር ቀላቅለው መስታወቱን ወዲህ ወዲያ አሉት።

በግራ በኩል ያለው ቀላ። በቀኝ በኩል ያለው መቋጠር ጀመረ።

አየሁት። ትርጉሙንም አወቅሁት፤ ያስተማሩኝ እርሳቸው ናቸዋ። ቀና ብዬ ሳያቸው ሁለቱም ዓይኖቻቸው ተከፍተዋል። ያን መስታወት እንደተሳሳተ ሰው ከእጅ ማጠቢያው ሳፋ ውስጥ ጣሉት። ከትሪው ላይ ንጹሕ አነሡ። ጠብታዎቹን አደረጉ። ከዚያ እጃቸውን ከጠረጴዛው በታች ሰድደው የግራ አውራ ጣታቸውን በዚያው መርፌ ወጉ።

የሻረግ ከበርጩማው ላይ ሆና ጣታቸውን ታያለች። ልጁ ያለቅሳል።

«ዶቶሬ፣ ደርሷል» አሉ።

ዶቶሬው መጣ፤ መስታወቱን ወደ ብርሃኑ አነሣ፤ አገላበጠ፤ ጠበቀ። አንዱም አልተቋጠረም።

«ዜሮ» አለ። «አባትየው እርሱ አይደለም። ደም አይዋሽም።»

በልቤ ተመስገን አልኩ። ነገሩ እዚህ ላይ ያለቀ መስሎኝ።

ካፒቴኑ ግን መሣቅ ጀመረ። እየሣቀ፣ «ሴትየዋን ልቀቋት፤ የዚህች ሞት ለእኛ ምን ይረባናል? ባሏ የሌላ ሰው ልጅ መታቀፏን እሷ በሕይወት እያለች ይስማ» አለ። ወረቀት አስመጣ። ጋሼ ይትባረክን፣ «አንተ ደብተራ ነህ፤ ጽሕፈትህ ያምራል ይላሉ» አላቸው። እርሳቸው እጄ ታሟል አሉ፤ ጥጥ የጠቀለሉበትን አውራ ጣት አሳዩ። «በግራህ አይደለም የምትጽፈው» አላቸው።

ጻፉ። እያንዳንዱን ቃል ካፒቴኑ ይናገራል፤ እርሳቸው ወደ አማርኛ ይመልሳሉ። ባላምባራስ ፈንታ ሆይ፣ አንተ በዱር ስትንከራተት ሚስትህ የባለአጋሰስ ልጅ ታቅፋለች፤ ሐኪም መርምሮ አረጋግጧል፤ ደም አይዋሽም። ወረቀቱን አብዝተው በየዛፉ ለጠፉት። በቅዳሜ ገበያም ነጋሪት ተመትቶ ተነበበ። እኔ ሽሮ እህል ልገዛ ወጥቼ ገበያው መሃል ነበርኩ። ሰው ሁሉ ሲሥቅ፣ አንዳንዷ ስታማ፣ ውሸት ነው የምትል አንዲት ቃል ከአፌ አልወጣችም። ብናገር እርሳቸውም፣ ሕፃኑም፣ እኔም እንሞታለን። ይህን አውቃለሁ። ይኸው እስከ ዛሬም የምለው ይህንኑ ነው።

የሻረግ ልጇን አዝላ ወደ በረሃው ወረደች። ስንት ቀን እንደሄደች እንጃ። ባላምባራስ ፊቷን አላዩም። ጠባቂያቸውን ልከው፣ «ወደ ባለአጋሰስሽ ሂጂ» አስባሏት። ወደ ሉማሜ አቅጣጫ ወንድሟ ጋ ገብታ ልጇን አሳደገች። ጋሼ ይትባረክ በገበሬም በመነኩሴም እጅ እውነቱን ለባላምባራስ ልከዋል። የጣሊያን ደም ቀጂ የላከውን ማን ያምናል? አንዱ መልእክተኛ ተገርፎ ነው የተመለሰ።

ሽንኩርቱን ከመስኮት አነሡት። ከዚያ በኋላ መነጽሩን አላሳዩኝም። አንድ ቀን ብቻ፣ ጠርሙስ ሳጥብ ከኋላዬ ቆመው፣ «ውዴ፣ የሚከፈል ሁሉ ይከፍላል» አሉኝ። የቅኔ ሰው ናቸውና ወርቁን ልፈልግ ብዬ ዞር ስል ሄደዋል።

ጣሊያን ወጣ። ባላምባራስ ፈንታ በእልልታ ገቡ። ጋሼ ይትባረክ ገና ደስታው ሳይበርድ ወደ እኔ መጥተው፣ «አምበር አብረሽኝ ትሄጃለሽ? ምስክር ያስፈልገኛል» አሉኝ። ሄድን። ቀኑን ሙሉ በእግር ስንሄድ ከአሥር ቃል በላይ አልተነጋገርንም።

ባላምባራስ ከአዳራሻቸው ደጃፍ በጠፍር አልጋ ላይ ተቀምጠው ነበር። ትልቅ ሰው ናቸው፤ የቆሰለው ትከሻቸው ዝቅ ብሏል። ጋሼ ይትባረክ ድንጋይ ተሸክመው እግራቸው ሥር ተንበረከኩ። ሁሉንም ተናገሩ። ሳፋውን፣ መርፌውን፣ አውራ ጣታቸውን። እኔም ያየሁትን መስቀል መትቼ ተናገርኩ።

ባላምባራስ አላቋረጡንም። ስንጨርስ ከአንገታቸው ያንጠለጠሉትን የቆዳ ከረጢት ፈቱና የታጠፈ ወረቀት አወጡ። ከላቡ ብዛት ቢጫ ሆኗል።

«ጽሕፈቱ የማን ነው?»

«የእኔ ነው፣ ጌታዬ።»

«ይህን አራት ዓመት ደረቴ ላይ ይዤ ተዋግቻለሁ። ጥይት ሲፈራኝ በእርሱ ይመስለኝ ነበር፤ መሞት ስለምፈልግ። ደም አይዋሽም ብለህ ጽፈህልኛል። ዛሬ ደግሞ ደሙን ዋሸሁበት ትለኛለህ። የትኛውን ይትባረክ ልመን?»

«የዛሬውን ይመኑ። ያኔ ልጁን ለማትረፍ ነው።»

ድምፃቸው ለሰለሰ። እንደ ትልቅ አርበኛ ሳይሆን እንደሚለምን ሰው ነው የጠየቁት።

«እሺ። የመጀመሪያውን ደም አይተኸዋል። ያ ደም ልጁ የእኔ ነው ይላል? ይህን ብቻ ንገረኝ። ነው ካልከኝ ዛሬውኑ በቅሎ ጭኜ አስመጣቸዋለሁ።»

ነው በሉ አልኩ በልቤ። ነው በሏቸው። አንዲት ቃል ናት።

ጋሼ ይትባረክ የግራ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«ደም፣ አይደለም ማለት ይችላል» አሉ። «ነው ማለት አይችልም። ያየሁት ደም የእርስዎ ሊሆን የሚችል ደም ነው። የሌላም ሰው ሊሆን ይችላል። የእርስዎ ነው ብሎ የሚምልልዎ እናቱ ናት እንጂ መስታወት አይደለም።»

የባላምባራስ ፊት እንደ በር ተዘጋ። ወረቀቱን አጥፈው ወደ ከረጢቱ መለሱት።

«ሂዱ» አሉን።

መንገድ ላይ ጮኽኩባቸው። እንደዚያ ጮኼባቸው አላውቅም። «ያኔ ለጣሊያን መዋሸት ሲያውቁበት! ምናለ ለእርሷ አንዴ ቢዋሹላት?»

ቆሙ። ጋቢያቸው ከትከሻቸው ወርዶ መሬት ይጠርጋል፤ አላነሡትም። «ውዴ፣ አንዴ በዚህ ነገር ዋሽቼ ያደረግሁትን አይተሻል» አሉ። «ሁለተኛ ብዋሽና ሰውየው አንድ ቀን ቢያውቅ፣ ያ ልጅ ምን ይቀረዋል?»

ልክ ነበሩ? ይህን ስንት ዓመት አሰብኩት። አሁንም አላውቅም።

ወደ የሻረግም ሄደዋል፤ ለብቻቸው። ይቅርታ ሲለምኗት፣ «ጣትዎን አይቻለሁ እኮ» አለቻቸው። «ከእኔ ምን ይቅርታ ይፈልጋሉ? ልጄ ይሄው ይሮጣል። ብቻ እዚህ አይምጡብኝ፤ እርስዎን ሳይ ያ ክፍል ይመጣብኛል።» ይህን የነገሩኝ ራሳቸው ናቸው። ከዚያ በኋላ በዚያ መንገድ እንኳ አላለፉም። እሷም አንለይ አሥራ ሁለት ዓመት ሳይሞላው ሞተች።

ጋሼ ይትባረክ ቁይ ገብተው ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ዳር ጎጆ ቀለሱ። ሽንኩርታቸውን እንደገና በብርጭቆ ያበቅሉ ጀመር፤ መነጽር ግን የላቸውም። ሥሩን ቆርጠው በባዶ ዓይን ሲያዩ ይውላሉ ብሎ ሰው ያወራል። በየዓመቱ ጥምቀት ሲወጣ አምበር ይሄዱና ከባላምባራስ ደጅ ይቆማሉ። መጀመሪያ ውሻ ለቀቁባቸው። ኋላ ተዉአቸው። በመጨረሻዎቹ ዓመታት እንዲያውም ያስገቧቸውና ምሳ ያበሏቸው ነበር አሉ። ሁለቱ ሽማግሌዎች ከአንድ ገበታ ይቆርሳሉ፤ ስለ ዝናብ፣ ስለ ከብት በሽታ ያወራሉ። ስለዚያ ነገር ግን ባላምባራስ አንድም ቃል ሳይወጣቸው ሞቱ። ሌላ ልጅ አልነበራቸውም። ርስቱን የወንድም ልጆች ተካፈሉት። አንለይ ለቀብሩ መጥቶ ከአጥር ውጭ ቆሞ ነበር፤ ግባ ያለው አልነበረም።

ለጋሼ ይትባረክ አርባ ወደ ቁይ ሄድኩ። ብዙ ሰው ይመጣል ብዬ አልጠበቅሁም፤ ቄሶቹና ጥቂት ጎረቤቶች ነበሩ። ጠላውን የሚያዞር፣ ሽማግሌዎቹን የሚያስቀምጥ አንድ ጎልማሳ አየሁ። ማን እንደሆነ ሳይነግሩኝ አወቅሁ። ወደ እኔ ጎንበስ ሲል ፊቱን መረመርኩት፤ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ሁሉን የማውቀው እኔ፣ ምስክር የሆንኩት እኔ፣ አፍንጫውን፣ ግንባሩን፣ ትከሻውን እያየሁ ባላምባራስን ፈለግሁበት። የእናቱን አገጭ አገኘሁ። ሌላውን እንጃ።

ሰው ሲበተን ከጎኔ ተቀመጠ።

«እትዬ ውዴ እርስዎ ነዎት?»

«ነኝ።»

«መጨረሻ ላይ እኔ ነኝ ያስታመምኳቸው» አለ። «ከብዙ ዓመት በፊት መጥቼ ጠይቄያቸው፣ የአውራ ጣታቸውንና የወረቀቱን ነገር ነግረውኝ፣ ረግሜያቸው ነው የሄድኩት። ዘንድሮ ታመሙ ሲሉኝ ግን እግሬ አመጣኝ። ልጄ፣ ይቅር በለኝ ይሉኛል። ምን ልበላቸው? ይቅር ብል ቃሉ ቀለለብኝ፤ እምቢ ማለትም ከበደኝ። አራት ልጆች አሉኝ። አጠገባቸው ተቀምጬ የልጆቼን ጠባይ አወራሁላቸው። ትልቋ እልኸኛ ናት አልኳቸው። ሁለተኛው በእንቅልፍ ልቡ ያወራል። እንዲህ እንዲህ እያልኩ። ደግመህ ንገረኝ ይሉኛል። አራተኛዋ ላይ ስደርስ ነው ያረፉት።»

ውጭ ሴቶች ዕቃ ያነሣሣሉ።

አንለይ መሬት መሬቱን አየ። ስለ ደሙ ሊጠይቀኝ ነው አልኩ በልቤ። የትኛው በኩል እንደተቋጠረ፣ ምን ያህል እንደተቋጠረ፣ እርግጠኛ መሆኔን።

«እናቴ» አለ፣ «ፎቶ የላትም። ፊቷም እየጠፋብኝ ነው። ያን ቀን፣ ያ ነጭ ሲወጋኝ፣ እንዴት ይዛኝ ነበር?»

ነጭ አልነበረም የወጋህ ልለው አሰብኩና ተውሁት።

«ጭኗ ላይ አስቀምጣሃለች» አልኩት። «ጀርባህ ከደረቷ ጋር ነው። መርፌው ሲመጣ በአንድ እጇ ዓይንህን ሸፈነችህ። በሌላው እንዲህ…»

በቃል አልወጣ ሲለኝ ነጠላዬን ገፋ አድርጌ ክንዴን አጥፌ አሳየሁት። ጎልማሳው ሰውዬ ጎንበስ ብሎ ባዶ ክንዴን እያየ፣ ብዙ ቆየ።